ዲስኩ የማን ነው? በእጅ ኮምፒውተርና በአስተናጋጅ ኮምፒውተር መካከል ድራይቭ የመጋራት ታሪክ



ርእሴን ባሳወቅሁ ጊዜ አንድ ወዳጄ «ይህ ለታሪክ ሰው ነው ወይስ ለኮምፒውተር ጠጋኝ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ስለ ጥንታዊ ጽሑፍ ስንናገር ስለ ብራናው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ማኅደሩ ጭምር እንደምንናገር ሁሉ፣ የዘመናችን ሰነድ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያዝዝበት መጠየቅም የታሪክ ሰው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኪሳችሁ ያለውን ስልክ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ አንድ ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፦ ቻርጅ ብቻ ላድርግ ወይስ ፋይል ላስተላልፍ? አብዛኞቻችን ሳናነብበው እንነካዋለን። ጥያቄው ግን የረጅም ክርክር ቅሪት ነው። አንዱ ማሽን የሌላውን ዲስክ ማየት፣ ማንበብና በላዩም መጻፍ ሲፈልግ፣ በዚያች ሰዓት ዲስኩ የማን ነው? ዛሬ የምናገረው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ርእሱ የመራኝ የራሴ ጥፋት ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ ስለ ቀድሞው የሲራራ ንግድ መንገዶች የአረጋውያንን ቃል በምሰበስብበት ዘመን አንዲት የእጅ ኮምፒውተር ነበረችኝ። የግእዝን ፊደል ስለማታውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍኩ ነበር የምሠራው። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪዋ ፈጽሞ አለቀ። ማስታወሻዎቹ በሜሞሪ ካርድ ላይ ስለነበሩ አልጠፉም፤ ከአንዲት ሱቅ ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያላስተዋልኩት የመሣሪያዋ ቀን ወደ ፋብሪካው ቀን መመለሱን ነበር። ወደ ከተማ ተመልሼ ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ጋር ሳገናኛት፣ ፕሮግራሙ የሁለቱን ፋይሎች ቀን አነጻጸረ። በጠረጴዛው ላይ የነበረው የሦስት ሳምንት ቅጂ «አዲስ»፣ ከገጠር ይዤው የመጣሁት ደግሞ «አሮጌ» ሆኖ ታየው። እንደታዘዘውም አሮጌውን በአዲሱ ተካ። የዐሥራ አንድ ሰዎች ቃል ጠፋ። በወረቀት የያዝኩት ስማቸውንና ያነጋገርኩበትን ቀን ብቻ ነበር። ከዓመት በኋላ ስመለስ ከዐሥራ አንዱ ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙም አልተሳሳተም። ሁለት ማሽኖች ስለ አንድ ፋይል ባልተስማሙ ጊዜ ማን እንደሚያምን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ያንን ውሳኔ አላወቅሁም። ውሳኔው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ፖተር በ1980 የመሠረተው ሳይኦን የተባለ ኩባንያ በ1984 ኦርጋናይዘር የተሰኘች የኪስ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። የዚህች ማሽን «ዲስክ» ዳታፓክ የሚባል ክብሪት ቤት የሚመስል ነገር ነበር። በውስጡ ያለው ሜሞሪ አንድ ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ በተራ መንገድ አይፋቅም። አንድን መዝገብ «አጥፋ» ስትሏት ማሽኗ በመዝገቡ ላይ የተሰረዘ ምልክት ታደርግበታለች እንጂ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ቦታውን መልሶ ለመጠቀም ዳታፓኩን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር አስቀምጦ በሙሉ ማጽዳት ይጠይቅ ነበር። ለታሪክ ሰው ይህ የሚያስቀና ጠባይ ነው። ወደ ኋላ ስለምመለስበት አስታውሱልኝ።

በዚያው ዘመን በትልልቆቹ ማሽኖች መንደር ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤንኤፍኤስ የተባለውን የኔትወርክ ፋይል ሥርዐት በ1984 ሠራ፤ የማይክሮሶፍት ዶስ 3.1 ደግሞ በሩቅ ያለን ዲስክ እንደ ራስ ድራይቭ የማሳየት ችሎታ ያዘ። አሠራሩ ብልኃት አለው። አንድ ፕሮግራም «ኤፍ ከሚባለው ድራይቭ ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሲጠይቅ፣ ሲስተሙ ወደ ዲስኩ ከመሄድ ይልቅ ጥያቄውን ሪዳይሬክተር ለሚባል መልእክተኛ ያስረክባል። መልእክተኛው ጥያቄውን በገመድ ይልካል፤ መልሱንም ያመጣል። ፕሮግራሙ ልዩነቱን አያውቅም። ዛሬ «ድራይቭ መጋራት» የምንለው ነገር ሥሩ ይህ ነው፤ ፋይሉ ቤቱን አይለቅም፤ ጥያቄው ብቻ ይመላለሳል። ባለቤቱ አንድ ነው፤ ቅጂውም አንድ ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ ኪስ የገባው ዶስ ራሱ ወደ ኪስ በገባ ጊዜ ነው። ሂውሌት ፓካርድ በ1991 ያወጣት 95ኤልኤክስ በውስጧ ዶስንና ሎተስ 1-2-3ን የያዘች፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማሽን ነበረች። በ1994 የተከተለችው 200ኤልኤክስ ላፕሊንክ ሪሞት የሚባል ፕሮግራም በሮሟ ውስጥ ይዛ መጣች። በመካከሉ፣ በ1993፣ ማይክሮሶፍት ከዶስ 6 ጋር ኢንተርሊንክ እና ኢንተርሰርቨር የተባሉ ጥንድ ፕሮግራሞች አወጣ። በአንዱ ማሽን ላይ ኢንተርሰርቨርን ትከፍታላችሁ፤ በሌላው ላይ ኢንተርሊንክን ትጭናላችሁ፤ ሁለቱን በሲሪያል ወይም በፓራለል ገመድ ታገናኛላችሁ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ማሽን ሲ ድራይቭ በሌላው ላይ ዲ ወይም ኢ ተብሎ ይታያል። ልብ በሉልኝ፦ ኢንተርሰርቨር የተከፈተበት ማሽን ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም። ስክሪኑ ላይ የድራይቮቹን ዝርዝር ዘርግቶ ተቀምጦ ያስተናግዳል፤ ሌላ ምንም። ማስተናገድ ሙሉ ጊዜውን የሚወስድበት ባለቤት ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን ሳይኦን በ1991 ያወጣትን ሲሪዝ 3 ነው። በዚህች ማሽን ላይ የፋይል አድራሻ የሚጀምረው በድራይቭ ፊደል አልነበረም። ከድራይቩ በፊት ፋይሉ የየትኛው ዓለም ነዋሪ እንደሆነ የሚናገር ቅድመ ስም ይመጣል። «ሎክ» ካለ ፋይሉ እዚሁ በእጃችሁ ባለው ማሽን ውስጥ ነው፤ «ሬም» ካለ ደግሞ በገመዱ ማዶ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። የውስጥ ሜሞሪዋ ኤም የሚባል ድራይቭ ነበር፤ በሁለት ጎኖቿ የሚሰኩት ካርዶች ኤ እና ቢ ይባሉ ነበር። በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ የማገናኛውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ገመዱን ከሰካችሁ፣ በትንሿ ማሽን ላይ የተቀመጠው ጽሑፍ ማዘጋጃ ያለ ምንም ተጨማሪ ትምህርት በሩቁ ሲ ድራይቭ ላይ ያለን ፋይል ሊከፍት ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ያ አጻጻፍ ትሑት ቢመስልም ሁለት ነገር በግልጽ ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ሩቅ የሆነው ነገር ሩቅ መሆኑን አይደብቅም። የዶስ ሪዳይሬክተር ጥበቡ መደበቁ ነበር፤ ዲ የራስ ይሁን የሰው ፊደሉን አይቶ መለየት አይቻልም። በሲሪዝ 3 ግን የአድራሻው የመጀመሪያ ቃል «ይህ የእንግድነት ጉዳይ ነው» ይላችኋል። ሁለተኛ፣ አስተናጋጅነት የትልቅነት ማዕርግ ሳይሆን ሚና መሆኑን ያሳያል። ትንሿ ማሽን የትልቁን ዲስክ ስታነብ አስተናጋጁ ትልቁ ነው። ትልቁ ወደ ትንሿ ኤም ድራይቭ ሲገባ ግን አስተናጋጇ እርሷ ናት። በልማድ የጠረጴዛውን ኮምፒውተር «አስተናጋጅ» ማለታችን ከሥልጣን ይልቅ ከመጠን የመነጨ ይመስለኛል።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። የሲሪዝ 3ኤ ገመድ በሰከንድ 19200 ቢት ያስተላልፋል። ለአንድ ባይት ከነመነሻና መድረሻ ምልክቱ 10 ቢት ስለሚያስፈልግ፣ በሰከንድ 1920 ባይት ማለት ነው። 256 ኪሎባይት ለማሳለፍ የፕሮቶኮሉ ወግ ሳይቆጠር ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በ1997 የወጣችው ሲሪዝ 5 ወደ 115200 ቢት ከፍ ብትልም አንድ ሜጋባይት ለማሻገር አንድ ደቂቃ ተኩል ትፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ገመድ ላይ ፋይሉን ባለበት ትቶ የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ማንበብ ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ነበር።

የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ደግሞ በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ፒ3ኤንኤፍኤስ የሚባል፣ በኋላም ፒኤልፒቱልስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ተጻፈ። ሐሳቡ የሚያስፈግግ ነው። በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፕሮግራም ራሱን የኤንኤፍኤስ ሰርቨር አስመስሎ ይቀመጣል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኔትወርክ ከሌላ ትልቅ ማሽን ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። አስመሳዩ ፕሮግራም እያንዳንዱን ጥያቄ ወደ ሳይኦን ቋንቋ ተርጉሞ በሲሪያል ገመድ ይልካል፤ መልሱንም መልሶ ይተረጉማል። በዚህ መንገድ የኪስ ማሽን ድራይቭ በዩኒክስ የፎልደር ዛፍ ላይ እንደ አንድ ቅርንጫፍ በቀለ።

ችግሩ የታየው ገመዱ በተነቀለ ጊዜ ነው። ኤንኤፍኤስ የተሠራው ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ ተመልሶ እንደሚነሣ በማመን ነው። ስለዚህ በተለመደው አሠራሩ መልስ ያጣ ጥያቄ ተስፋ ሳይቆርጥ ይጠብቃል፤ ጥያቄውን ያቀረበው ፕሮግራምም አብሮ ይደርቃል። የእጅ ኮምፒውተር ደግሞ ጠባይዋ መሄድ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ራሷን ታጠፋለች፤ ባለቤቷ ኪሱ ከትቷት አውቶቡስ ይሳፈራል። ቤቱን ትቶ የማይሄድ ባለቤት ታስቦ የተሠራ ሕግ ዘወትር መንገደኛ ለሆነች ባለቤት ተሰጠ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ከመሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ድራይቭ መጋራት ገመዱ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆም ድንኳን ነበር።

ሌላው አቅጣጫ የፓልም ነው። በ1996 የወጣችው ፓይለት ለተጠቃሚው የሚታይ ፋይልም ሆነ ድራይቭ አልነበራትም። በውስጧ ያለው ሁሉ የመዝገብ ስብስብ ነው፤ አንድ ስም ከነስልክ ቁጥሩ አንድ መዝገብ፣ አንድ ቀጠሮ አንድ መዝገብ። እያንዳንዱ መዝገብ «ተነክቻለሁ» የሚል ትንሽ ምልክት ይይዛል። ማሽኗን በመቀመጫዋ ላይ አስቀምጣችሁ አንዲት አዝራር ስትጫኑ ምልክት ያለባቸው መዝገቦች ብቻ ይሻገራሉ። በመካከል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝታ ከነበረ ግን ምልክቶቹ አይታመኑም፤ ሁሉም መዝገቦች አንድ በአንድ ይመረመራሉ። አንድ መዝገብ በሁለቱም ወገን ተለውጦ ከተገኘ ሁለቱም ይቀመጡና ውሳኔው ለሰውየው ይተዋል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ትሕትና አለበት። ማሽኑ «አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ» ማለት ይችላል ማለት ነው።

ልዩነቱን በአንድ ቃል ለመግለጽ፣ እዚህ ላይ መጋራት ቀርቶ ማመሳሰል መጣ። ከእንግዲህ አንድ ባለቤትና አንድ እንግዳ ሳይሆን ሁለት ባለቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቅጂ አለው፤ በየጊዜው እየተገናኙ ሒሳብ ያወራርዳሉ። የእኛ ሰው ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላል፤ ሁለቱ ባላዎች የተለያየ ነገር መናገር ሲጀምሩ በየትኛው እንደምንንጠለጠል ግን ተረቱ አይነግረንም።

ማይክሮሶፍትና ሳይኦን በበኩላቸው ሁለቱን ለማቀላቀል ሞከሩ። በሲሪዝ 5 ዘመን ሳይዊን የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ «የእኔ ሳይኦን» የሚል ምልክት ያስቀምጥ ነበር። በ1996 መጨረሻ የወጣው ዊንዶውስ ሲኢም እንዲሁ የራሱን ፎልደር አመጣ። ሁለቱም ድራይቭ ይመስላሉ፤ ፋይሉን በማውዝ ጎትታችሁ ትጥላላችሁ። ግን የድራይቭ ፊደል የላቸውም፤ ተራ ፕሮግራም ሊከፍታቸው አይችልም። ከዚያም በላይ ፋይሉ ሲጎተት በመንገድ ላይ ይለወጣል። የሳይኦን ጽሑፍ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል ሆኖ ይወርዳል፤ ሲመለስም እንደገና ይተረጎማል። በትርጉም የማይጠፋ ነገር የለምና፣ በሁለቱም አቅጣጫ ጥቂት ይንጠባጠባል። ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ነበሩን ማለት ነው። ድራይቭን ከሚመስል ነገር በስተጀርባ የቅጂ ፋብሪካ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የእኛን ፊደል ማንሣት ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ345 ምልክቶች የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን አንድም ባይት ሳይጎድል ሊሻገር ይችላል፤ በማዶው ያለው ማሽን ያው ፎንት ከሌለው ግን የሚታየው የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ድራይቭን የተጋሩ ማሽኖች ንባብን ተጋርተዋል ማለት አልነበረም። እኔም በላቲን ፊደል እጽፍ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ችግር ከገበያው ቀድመው ያዩት ነበር። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በመሐዴቭ ሳትያናራያናን መሪነት የተሠራው ኮዳ የተባለ የፋይል ሥርዐት ከ1987 ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያጠና ነበር፦ ከሰርቨሩ የተለየ ማሽን ሥራውን እንዴት ይቀጥላል? ኪስትለርና ሳትያናራያናን በ1991 ባቀረቡት ጥናት ሦስት ጊዜያትን ለዩ። ግንኙነቱ ሳለ ማሽኑ ያስፈልጉኛል የሚላቸውን ፋይሎች አስቀድሞ ያከማቻል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ባከማቸው እየሠራ ያደረገውን ለውጥ ይመዘግባል። ሲመለስ መዝገቡን ለሰርቨሩ አቅርቦ ይታረቃል። ገመዱ መነቀሉን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ተራ የኑሮ ሁኔታ የቈጠረ ንድፍ ነው። መብራት ለሚሄድበትና ኔትወርክ ለሚቋረጥበት አገር ሰው ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ዛሬ በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚይዟቸው ታብሌቶች በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ይሠራሉ፤ መረጃው ኔትወርክ እስኪገኝ በእጅ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ይላካል።

ኮዳ ከቀን ይልቅ የለውጥ ቁጥር ቈጠራን ማመኑም ለእኔ ታሪክ ወሳኝ ነው። በ1983 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎከስ ሥርዐት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ዘዴ እያንዳንዱ ቅጂ በየትኛው ማሽን ላይ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ ይቈጥራል። ሁለት ቅጂዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ለውጥ ሁሉ የያዘ ከሆነ አዲሱ እርሱ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ለውጥ ካላቸው ግጭት አለ፤ ሰው ይጠራ። ሰዓት አያስፈልግም። ሌስሊ ላምፖርት ከዚያ በፊት በ1978 በተለያዩ ማሽኖች ላይ የተፈጸሙ ድርጊቶችን ቅደም ተከተል በሰዓት ብቻ ማወቅ እንደማይቻል አሳይቶ ነበር። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ቀን የስምምነት ጉዳይ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ከውጭ አገር ሰው ጋር የተላለፈ ሰው የላምፖርትን ጽሑፍ ግማሽ አንብቧል። የእኔን ማስታወሻ ያጠፋው ፕሮግራም ግን ይህን ሁሉ ትቶ ቀን አየ። ዕውቀቱ ከሃያ ዓመት በፊት ታትሞ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የመጣው በዩኤስቢ ነው። ከ2000 ጀምሮ ፍላሽ ዲስክ ገበያ ላይ ሲውል ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ የጋራ ቋንቋ ለመዱ። የእጅ መሣሪያዎችም ራሳቸውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ማቅረብ ጀመሩ። ይህ ከቀደሙት ሁሉ በጣም ይለያል። በሪዳይሬክተሩ ዘመን አስተናጋጁ «ይህን ፋይል ስጠኝ» ይላል፤ እዚህ ግን «ቁጥር ይህን ያህል የሆነውን የዲስክ ቁራጭ ስጠኝ» ይላል። ፋይል የቱ ጋ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች በአንድ ጊዜ ቢጽፉ አንዱ የሌላውን ማውጫ ያፈርሰዋል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱ መውጣት ነው፤ ስልኩ የገዛ ካርዱን ለኮምፒውተሩ አስረክቦ ዐይኑን ይጨፍናል።

ይህን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ያላየ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1998 የተመሠረተው ሲምቢያን ኩባንያ የሳይኦንን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወርሶ ነበር፤ በእጃችን የገቡት ብዙ የኖኪያ ስልኮችም የዚያ የኪስ ማሽን የልጅ ልጆች ናቸው። ገመድ ሲሰካባቸው በየትኛው መንገድ ልገናኝ ብለው ይጠይቁ ነበር። ዘፈን የሚጭኑት ሱቆች ወጣቶች የትኛውን እንደሚነኩ በቃላቸው ያውቁታል፤ ወይም ጭራሽ ካርዱን አውጥተው በማንበቢያ ይሰኩታል። ዘፈኑ ይገባል፤ ከዘፈኑ ጋር ቫይረሱም ይገባል። ስልኩ ዐይኑን ጨፍኖ ነበርና የገባውን አላየም።

አንድሮይድም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚሁ ሄደ። ከ2010 ጀምሮ አፕሊኬሽኖችን በካርድ ላይ መጫን ሲፈቀድ ግን ነገሩ ተወሳሰበ፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ካርዱ ከስልኩ ይወሰድና በላዩ ያሉት አፕሊኬሽኖች አብረው ይሰወራሉ። በ2011 በአንድሮይድ 3.0 ጀምሮ ሥርዐቱ ኤምቲፒ ወደሚባለው ፕሮቶኮል ተሻገረ። አሁን አስተናጋጁ የዲስክ ቁራጭ አይጠይቅም፤ ፋይል ይጠይቃል፤ የሚሰጠውና የሚከለክለው ስልኩ ነው። ከረጅም ዙሪያ ጥምጥም በኋላ ወደ ሲሪዝ 3 ሐሳብ ተመለስን ማለት ይቻላል፤ ትንሿ ማሽን ባለቤትም አስተናጋጅም ሆነች። ያጣነውም አለ። በኤምቲፒ በተለመደው አሠራር ፋይልን ባለበት ከፍቶ መጻፍ አይቻልም፤ ወደ ኮምፒውተር ቀድቶ፣ ሠርቶ መመለስ ነው። ከ2015 በኋላ ደግሞ ስልኩ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ቻርጅ ብቻ ይቀበላል። በመግቢያዬ ያነሣሁት ጥያቄ በስክሪናችሁ ላይ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ደመና ማከማቻ ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በዚያ ሥርዐት ስልኩም ላፕቶፑም እንግዶች ናቸው፤ አስተናጋጁ ከሁለቱም ሩቅ የተቀመጠ ሦስተኛ ወገን ነው። በአድራሻው መጀመሪያ ላይ «ሬም» ብሎ የሚያስጠነቅቀን ቃል ግን የለም።

ወደ ዳታፓኩ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ማስታወሻዬ በጠፋበት ቀን ከንዴት የተነሣ ካርዱን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ዳግመኛም አልተጠቀምኩበትም። ከዓመታት በኋላ ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ካርዱ እስካሁን እንዳለ ጠየቀኝ። እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ፋይል ሲሰረዝ የሚለወጠው በማውጫው ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል መሆኑን፣ ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ባለበት እንደሚቆይ አስረዳኝ። የመጣው ቅጂ በሌላ ቦታ ላይ ተጽፎ ከሆነ የቀድሞው ከሥሩ ሊኖር ይችላል አለ። ካርዱን ሰጠሁት። በሳምንቱ የመጀመሪያ ፊደሉ የጎደለ ፋይል ይዞ መጣ። የአራት ሰዎች ቃል ሙሉ ነበር፤ የአምስተኛው መሐል ላይ ይቋረጣል። አምስተኛው ሰው ከሞቱት ከሁለቱ አንዱ ናቸው። ንግግራቸው የሚቆመው በቅሎዎቹ ወንዙን የሚሻገሩበትን ቦታ ሊነግሩኝ በጀመሩበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።